ያልተወለደው ዘመዳችን

በሉ እንግዲህ፣ ይኸን ለምታነቡ ሁሉ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም። እናንተ የምታነቡት ይኸ ነገር እኔ ባየው የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስለኝ። የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ አቪታል ናት። እዚሁ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ የአማርኛውን ፊደል ትልቅ ሰው ከሆነች በኋላ ኮርስ ገብታ የለቀመች ልጅ ናት። እጇ ቀስ ይላል። አንድ ነገር ጽፋ እስክትጨርስ እኔ ሦስቱን ረስቼ አራተኛውን እጀምራለሁ። ስለዚህ ወሬው ወዲያ ወዲህ ቢልባችሁ እሷን ውቀሱ።

«ሳፍታ፣ ይሄንንም ልጻፈው?»

ጻፊው። ያልኩትን ሁሉ ጻፊ። ሳፍታ የምትለኝ እኔን ነው፣ አያቴ ለማለት።

ወሬው የአንድ ሰው ወሬ ነው። ሻረው ይባላል። ሻረውን እናት አልወለደችውም። እኔ ነኝ ለሺዑሬ ባይት ብዬ የፈጠርኩት። ሺዑሬ ባይት አስተማሪ «ቤታችሁ ወስዳችሁ ሥሩት» የምትለው ሥራ ነው። እና ይኸ ያልተወለደ ሰው የዚችን የምትጽፍልኝን ልጅ ሠርግ ሊያፈርስ ምንም አልቀረው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ክፋር አቭራሃም በሚባለው ሰፈር እኛ ያረጀነው የምንውልበት ሙአዶን አለ። ጠዋት መኪና እየዞረ እንደ ድንች ይለቅመናል። እዚያ ቁርስ እንበላለን፣ ወንበር ላይ ተቀምጠን እጃችንን እያወጣን እያወረድን ስፖርት እንሠራለን፣ ከዚያ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ የማን ልጅ ቤት ገዛ እንባባላለን። ደህና ኑሮ ነው። አንድ ቀን ኃላፊዋ መጣችና «ከዛሬ ጀምሮ የድርሰት ትምህርት አለ» አለችን። ወንዶቹ ይኸን ሲሰሙ ካርታቸውን ይዘው ወደ ግቢው ሹልክ አሉ። እኛ ሴቶቹ ጉልበታችን ስለሚያመን ለመነሳት ስናመነታ ሞራዋ ገባች፣ ተያዝን።

ሞራ ማለት አስተማሪ ነው። ስሟ ኖጋ ነው። ቀጭን፣ ጠጉሯን አናቷ ላይ ጠቅልላ እርሳስ የሰካችበት ልጅ። ለመጻፍ እርሳሱን ስትነቅለው ጠጉሯ ይፈርሳል። ጠጉሯን ስትሠራ ደግሞ መጻፊያ ታጣለች። እንዲህ ስትል ነው የምትውለው።

እጄን አወጣሁና «ሞራ፣ እኛ እኮ መጻፍ አንችልም» አልኳት።

«ይሻላል!» አለች። «እኔን የሚያስቸግሩኝ የሚችሉት ናቸው። እናንተ አውሩ፣ ስልኬ ይቀዳል።»

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ድሮ ኖሮ ቢሆን እኔ ዛሬ ሚኒስትር ነበርኩ።

መጀመሪያ ቀን «ፍሪጃችሁን ሆናችሁ ተናገሩ። ፍሪጃችሁ ስለ እናንተ ምን ይላል?» አለች። ተያየን። እኔ ዕብራይስጡን ግማሹን በጆሮዬ ግማሹን በዓይኔ ነው የምሰማው፣ የተሳሳትኩ መሰለኝ። አልተሳሳትኩም። ጎኔ እማ ባየች ነበረች። ባየችን ከጎንደር ጀምሮ አውቃታለሁ፣ አፏ ተከፍቶ እንደቀረ ቧንቧ ነው። ብድግ አለችና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «እኔ ፍሪጅ ነኝ። ይች ሴትዮ ልጆቼ ይመጣሉ እያለች ሐሙስ ሐሙስ ታጭቀኛለች። ልጆቿ አይመጡም። እሑድ ሁሉንም ለጎረቤት ታወጣለች። ወገቤን ገደለችኝ» አለች። ከዚያ ከኋላ አንዷ «የኔም ፍሪጅ እንዲሁ ይላል» አለች፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን።

ሌላ ቀን «በማትጽፉበት እጃችሁ ጻፉ» አለች። እኔ በሁለቱም ስለማልጽፍ ደስ ያለኝን መረጥኩ። ዝም ብዬ ወረቀቱን ሞነጫጨርኩት። ሞራዋ አንስታ ለክፍሉ አሳየችና «እዩ! ምን ዓይነት ነጻነት ነው!» አለች። አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው፣ አቪታል በደማቅ ጻፊው።

ከዚያ ደግሞ የባቡሩ መጣ። «ባቡር ውስጥ አንድ የማታውቁትን ሰው ምረጡና ቦርሳው ውስጥ ምን እንዳለ ገምቱ።» እሺ ብዬ ቀዩዋን ባቡር ተሳፈርኩ። አንድ ጢማም ሰውዬ ትልቅ ቦርሳ ታቅፎ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አየሁት፣ አየሁት፣ ምንም አልመጣልኝም። እኔ ደግሞ ሰውዬው እዚያው ቁጭ ብሎ ሳለ ለምን እንደምገምት አልገባኝም። «ቦርሳህ ውስጥ ምን አለ?» አልኩት።

ለካ የሙአዶኑን ካርድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። በዚህ አገር ካርድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ቦርሳ ሲጠይቅ ማን ይከራከራል? ሰውዬው ከፈተልኝ። አንድ ጥንድ ካልሲ፣ ኪያር፣ የጥርስ ብሩሽ። ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው ብዬ በልቤ ያዝኩ። «በሰደር» አልኩት፣ ደህና ነው እንደማለት። ጎኑ ያለችው ሴት ሳልጠይቃት ከፈተችልኝ። አንድ ወታደር ሻንጣውን በሙሉ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። እናቱ የምታጥበው ልብስ ነው፣ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሰፈሬ እስክደርስ ፉርጎውን ሁሉ ፈትሼ ጨረስኩ። ስወርድ አንዷ «ስለ ጥበቃሽ እናመሰግናለን» አለችኝ። ሞራዋ ይኸን ስነግራት ሳቋ አላቆም ብሏት ውኃ አመጡላት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ደስ ብሎን ሳለ ነው መዘዙ የመጣው። አንድ ቀን ሞራዋ እየዞረች ለእያንዳንዳችን በጆሯችን የየራሳችንን ሺዑሬ ባይት ነገረችን። ለጓደኛም አይነገርም። ለእኔ ያለችኝ «የሌለ ሰው ፍጠሪ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ትምህርት እንዳለ ሰው አድርገሽ አውሪው። ሰዎች ካመኑሽ ሰውዬው ተወለደ ማለት ነው» የሚል ነው።

ቤቴ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሰው ልፈጥር። ስም ሰጠሁት፣ ሻረው። ሻረው ብቻ ምን ይሆናል? ፈረንጅ የፈጠረው ሰው ስሙንና ኮቱን ይዞ ይሄዳል። የኛ ሰው ግን ስም ስትጠሪለት «የማን ልጅ?» ይላል፣ «የየት አገር?» ይላል፣ «በእናቱስ?» ይላል። ዘር የሌለውን ሰው ማን ያምንልኛል? ታዲያ ዘር ከየት ላምጣ? ከራሴው ቆረጥኩለት። የቅድመ አያቴ ወንድም ነው አልኩ። ደምቢያ የነበረ፣ ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ። ትከሻውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ፣ ወደድኩት።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ ልጅ ለልጅ ሲተጫጭ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል። በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ወደ ላይ ይወጣሉ። ከሰባት በታች ከተገናኙ ዘመድ ናቸው፣ አይጋቡም፣ አለቀ። ልጆቹ ይስቃሉ። ሽማግሌው ግን የልጅ ሳቅ አይሰማም። ያኔ አቪታል ከዳንኤል ጋር ተጫጭታ፣ ዘሩ ተቆጥሮ፣ ንጹሕ ናቸው ተብሎ፣ ኡላሙ ተይዞ ነበር። ኡላም የሠርግ አዳራሹ ነው። የቆጠረውም ማን መሰላችሁ? የዳንኤል አያት አባ ይርጋ። አባ ይርጋ ማለት በፔታ ቲክቫ ያለውን የኛን ሰው ሁሉ ዘር በልቡ የያዘ ሰው ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አላፊውን ሁሉ «አንተ የእገሌ የልጅ ልጅ አይደለህም?» እያለ ያስቆማል። ልጆቹ መንገድ ቀይረው ነው የሚሄዱት። ተቆጥሮ ያለቀ ነገር ነው ብዬ ሻረውን ከዘሬ ላይ ስሰካ ሠርጉ በሐሳቤም አልመጣም።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ለባየች «ትናንት እናቴ የምታወራልኝ ሻረው ትዝ ብሎኝ አለቀስኩ» አልኳት።

«የቱ ሻረው?»

«የቅድመ አያቴ ወንድም። ደምቢያ የነበረው ማረሻ ሠሪ። ሲስቅ ትከሻው...»

«እእእ... እሱ!» አለች ባየች።

እሱ ስትል እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

ኩፓት ሆሊም ሐኪም ልታይ ስሄድ ተራ ለምትጠብቅ አንዲት የኛ ሰው ነገርኩ። ገበያ ቅመም ለሚሸጥልን ሰውዬ ነገርኩ። በቃኝ፣ ሺዑሬ ባይቴን ሠራሁ ብዬ አረፍኩ።

አረፍኩ? ሳምንት ሳይሞላ ሻረው ተመልሶ መጣብኝ፣ ያውም ከኔ በላይ ወፍሮ። አንዷ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ይዛኝ «ሻረው እኮ ለአያቴ ማጭድ ሠርቶላታል» አለችኝ። ቅመም ሻጩ «ሚስቱ አስቸጋሪ ነበረች አሉ» አለኝ። ሚስት? እኔ ሚስት አልሰጠሁትም! ሌላዋ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይ ሻረው፣ ያች አንድዬ ሴት ልጁ በክፉ ቀን ጠፍታበት ሳያገኛት ሞተ አሉ፣ ምስኪን» ብላ እንባዋን ጠረገች። እኔም አብሬ ጠረግኩ። ምን ላድርግ? ልጁ መጥፋቷን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፣ አሳዘነኝ።

ከዚያ አባ ይርጋ ለልጄ፣ ለአቪታል አባት ደወለ። «ቆጠራው ተሳስቷል» አለው። «ልጆቹ በስድስት ቤት ይገናኛሉ። የኔ አያት የሻረው ልጅ ናት። ሻረው ደግሞ የእናትህ የቅድመ አያት ወንድም ነው። ሠርግ የለም።»

ልጄ ስልኩን ይዞ ወደ እኔ ዞረና «እማዬ፣ ሻረው የሚባል ዘመድ አለን እንዴ?» አለኝ።

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ሳፍታ፣ እኔ ያለቀስኩትን አታስገቢው።»

የምትጽፊው አንች አይደለሽ? ተይው ካልሽ ተይው። ይኸው እየጻፈችው ነው። አለቀሰች። ልጆቹ ይስቃሉ ብያለሁ፣ ያን ቀን ግን አልሳቁም። ነገሩ ሕግ አይደለም፣ እንጋባ ካሉ ማንም አይከለክላቸውም። ግን ዳንኤልን ከትንሽነቱ ያሳደገው አባ ይርጋ ነው። እናቱ ፋብሪካ ስትውል ከጋን፣ ከሕፃናት ትምህርት ቤት ማለት ነው፣ የሚያመጣው፣ ምሳ የሚያበላው፣ ሠራዊት ሲገባ ጣቢያ ድረስ የሸኘው አባ ይርጋ ነው። «አያቴ ሳይመርቀን ኡላም አልገባም» አለ ዳንኤል። ይች ደግሞ «እሱን ልለየው ወይ ከአያቱ?» እያለች ቤት ውስጥ ስትዞር ዋለች። እኔ ለሺዑሬ ባይት ብዬ!

እውነቱን አወጣሁ። «ሻረው የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ። ማን ሊያምነኝ! «እናታችን ለልጅ ልጃቸው ብለው ዘመድ ካዱ» ተባለ። ሽማግሌዎቹ ልጄ ቤት ሳሎን ተሰበሰቡ። ሦስት ሽማግሌ፣ አባ ይርጋ መካከል፣ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። እኔ ለምስክር ሞራዋን አስጠራሁ። ልጅቷ የፈተና ያህል ደንግጣ መጣች። አቪታል እየተረጎመችላት «እኔ ነኝ እንድትፈጥር ያዘዝኳት፣ የድርሰት ልምምድ ነው» አለች።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሐሰት እንዲያወራ የምታዢው በየትኛው ትምህርት ቤት ነው?» አላት።

«ሐሰት አይደለም፣ ፈጠራ ነው ትላለች» አለች አቪታል።

«መፍጠር የፈጣሪ ነው በያት። ደግሞ ጠይቂልኝ፣ የቅድመ አያቷ ስም ማነው?»

ኖጋ አሰበች። አያቷን ታውቃለች። ከዚያ በላይ ያለውን «እናቴን መጠየቅ አለብኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «የቅድመ አያቱን ስም የማያውቅ ሰው ስለ ሰው ዘር ይመሰክራል? ጤፍ ባታውቅም እንግዳ ናትና ምግብ አቅርቡላት፣ ምስክርነቷ ግን አይያዝም» ተባለ። ለልጅቷ ምግብ አቀረቡላት። ስትበላ እንባዋ መጣ፣ በበርበሬው ይሁን በእፍረቱ አላወቅኩም።

ይኸን ጊዜ ባየች ብድግ አለች። ማንም አልጠራትም፣ ወሬ ባለበት እሷ አትጠራም። «እኔም ልናገር» አለች። «የኔ ሺዑሬ ባይት ደግሞ የሰማሽውን ወሬ ሁሉ አንድ ነገር ጨምረሽ አሳልፊ የሚል ነው። የሻረውን ሚስት የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጁንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። መጥፋቷንም ጨመርኩ፣ እሱ ደህና ወጥቶልኛል።»

ሞራዋን አየኋት። ይችን ሴት ደግሞ ይኸን ሺዑሬ ባይት ትሰጫታለሽ? ሳትታዘዝ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራው የኖረች ሴት ናት!

«አንዷ ሻረውን ካደች፣ አንዷ ልጁን ካደች» አለ ሽማግሌው። «ተማክረው ነው።»

አባ ይርጋን አየሁት። ባየች «ሴት ልጁንም የጨመርኩት እኔ ነኝ» ስትል ፊቱ ጥቁርቁር ብሎ ነበር። ከዘራውን ይዞ ወጣ። ነገሩ ሳያልቅ ተበተንን።

ሞራዋን ልሸኛት ማዕሊቱ ጋ ቆምን፣ ወደ ላይ ወደ ታች የምትወስደዋ ሣጥን ጋ። «ይቅርታ፣ ሁሉም በኔ ነው» አለችኝ። «ልትሰርዢው አትችይም፣ አሁን የብዙ ሰው ሆኗል። ግን ክፍል ውስጥ የማሠራው አንድ ልምምድ አለ። ገጸ ባሕሪው አልሄድ ሲላችሁ አንድ ነገሩን ብቻ ቀይሩ እላቸዋለሁ። አንድ ብቻ።» በሩ ተዘጋና ወረደች። ይችን ልጅ ደግሞ አላረፈችም አልኩ። ሰው ሠርጉ ፈርሶበት እሷ ሺዑሬ ባይት ትሰጣለች።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት አቪታልን አስከትዬ ወደ አባ ይርጋ ሄድኩ። ሕንፃው ሥር ወንበሩ ላይ ነበር። አላፊውን ግን አያስቆምም። አንድ ወጣት ፊቱ አለፈ፣ የማን ልጅ ነህ አላለውም። ይኸን ሳይ ነው ነገሩ ትልቅ መሆኑ የገባኝ።

«ደህና አደሩ አባ ይርጋ» አልኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አቪታል ቆመች።

«ደህና እታለም» አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «የሰውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ሰው አባ ይርጋ አያልቅበትም ይላል። የራሴን ስቆጥር ግን አያቴ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ሕፃን ሆና መንገድ ላይ አግኝተው ያሳደጓት ልጅ ናት። አባቷን አታውቅም። እኔም ቆጠራ ላይ እዚያች ጋ ስደርስ ሳል ሳል እያልኩ ወደ ሌላው እዘላለሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ሳልኩ። ሻረው ሴት ልጅ ጠፍታበታለች ሲሉኝ ግን፣ እታለም፣ ያን ቀን እስከ ላይ ቆጠርኩ። ሳልስል ቆጠርኩ።»

እኔ ለሳቅ ብዬ የሠራሁት ሰው ለካ ሰው ቤት ገብቶ ጎዶሎ ቦታ ላይ ተቀምጧል። አባ ይርጋ ሻረውን ቢተወው ሠርጉ ይድናል፣ እሱ ግን እድሜ ልኩን እየሳለ ሊኖር ነው። ባይተወው ደግሞ የልጅ ልጄ እዚህ ቆማ እንባዋን እየዋጠች ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ ብላኛለች ያች እርሳሳም።

«አባ ይርጋ» አልኩ፣ «እኔ ስለ ሻረው አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። ሻረው እኛ ቤት አደገ እንጂ እኛ ቤት አልተወለደም።»

ቀና አለ።

«በረሃብ ዘመን ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ነው። የኛዎቹ ተቀብለው ከልጆቻቸው ጋር አሳደጉት። ወንድም ተባለ እንጂ ሥጋው የኛ አይደለም።»

ትክ ብሎ አየኝ። የሰው ዘር ሲቆጥር የኖረ ዓይን ነው፣ ምንም አያልፈውም። «ይኸን የምትይኝ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሺዑሬ ባይት ነው ወይስ ሌላ?»

«እርስዎ ይፍረዱ» አልኩት። «እኔ የማውቀውን ነው የምነግርዎ። ሻረውን ደግሞ ከኔ የበለጠ የሚያውቀው የለም።»

«የማደጎ ልጅ ከሆነ ከእናንተ ጋር ሥጋ የለውም።»

«የለውም።»

«ዳንኤልና ይች ልጅም አይገናኙም።»

«በየት ይገናኛሉ?»

ከዘራውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ግን... የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አልኩት። «እኛ አሳደግነው እንጂ የእርስዎ ነው።»

አባ ይርጋ ተነሳ። ቁመናው ተመለሰ። አቪታልን «አንች ልጅ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ሽማግሌዎቹን ደውለሽ ጥሪልኝ» አላት። ሲመጡም «እኔስ ድሮም ጠርጥሬ ነበር፣ ሻረው የኛ ደም ነው፣ እነሱ ቤት ያደገ ልጅ ነው» ብሎ ዘሩን ከላይ እስከ ታች አወረደው። ሽማግሌው ሁሉ አዎ፣ እኛም ሰምተናል አለ። አንዱማ የመጣበትን አገር አወቀው። እኔ እስካሁን አላውቅም።

ባየችን በማግስቱ ሙአዶን ሳገኛት፣ «አንች፣ ሻረው ከሩቅ የመጣ ልጅ ነው ይላሉ፣ ሰምተሻል?» ብላኝ ዓይኔን አየችው። ዝም አልኳት። ዝም ስላልኳት በቅሎ ላይ ተቀምጦ እንደመጣ ነገረችኝ።

ሠርጉ ኪርያት ማታሎን ሆነ፣ ጋራዦቹ መካከል ካለው አዳራሽ። ውጪው የጎማና የዘይት ሽታ ነው፣ ውስጡ ግን መብራቱ ዓይን ያጠፋል። አቪታል አማረባት፣ ራሷ ስለምትጽፈው አታምኑኝም ይሆናል፣ እውነት ነው ግን። አባ ይርጋ መረቃቸው። ሲመርቅ አባቶቻችን ብሎ ሲቆጥር ሻረውን ጮክ ብሎ ጠራው፣ ሳል የሚባል ነገር የለም። ከዚያ እስክስታው ተጀመረ፣ ሙዚቃው ጥርስ ያነቃንቃል፣ ሞራ ኖጋ ሳይቀር ትከሻዋን ልታወርድ ስትታገል እርሳሷ ወልቆ ጠፋ።

እኔ ጥግ ተቀምጬ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ሳሳርፍ አባ ይርጋ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ ሙዚቃው ስላለ እየጮኸ፣

«እታለም!»

«አቤት!»

«ሻረው... ልጁን ፈልጓታል?»

ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ሆነ። እኔም አፌን ጆሮው ላይ አድርጌ፣ «እንዴት አይፈልጋት! መዶሻውን ይዞ ገበያ ለገበያ ዞረ። ለሰዉ ሁሉ ማረሻ ይሠራል። ዋጋ ሲሰጡት አልቀበልም፣ ወሬዋን ብቻ ንገሩኝ ይላቸዋል» አልኩት።

«በነጻ ይሠራል?»

«በነጻ።»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለሰው ሁሉ።»

አባ ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ከዘራውን መሬት ላይ መታ። «አይ ሻረው!» አለ፣ ተናዶበት። «እንዲሁ ነን እኛ ቤት። ንግድ አናውቅም።»